ፍሪሲዮን የሌለው መኪና

ባለፈው ሳምንት ከመሥሪያ ቤት ስወጣ በስልክ ጠርቼ የመጣልኝ መኪና በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነበር። ድምፅ ስለሌለው ቆሞ ይሁን እየሄደ ለማወቅ ወደ ውጭ ማየት ያስፈልጋል። የኋላው ወንበር ላይ ዕቃ ስለነበር ከሹፌሩ ጎን ተቀመጥኩ። ወጣት ነው። የሚሠራው ቀኝ እግሩ ብቻ ነው፤ ግራው ከጫማው ወጥቶ፣ በካልሲ ብቻ ጥግ ላይ ተዘርግቷል። ዓይኔ እዚያ ካልሲ ላይ ቀረ። ልጁ አየኝና፣ «ምነው እህቴ፣ ሸተተ እንዴ?» አለ። አልሸተተም። አፈርኩና ወደ መስኮቱ ዞርኩ። አንድ ሰው አስታውሶኝ ነው ልለው ፈልጌ ነበር፤ አላልኩትም። ለእሱ ያላልኩትን ለእናንተ ልንገራችሁ።

ነገሩ የጀመረው ከዓመታት በፊት፣ አንድ ቅዳሜ ቀን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ወሩ ጥር ነበር፤ እኔ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ሥራ ፍለጋ ስዞር ሰባት ወር ሆኖኝ ነበር። ቤታችን ሰበታ ነው፣ ከጅማ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ። በዚያ ሰዓት ፈረቃ የጨረሱ የፋብሪካ ሠራተኞች በአጥራችን በኩል እያወሩ ያልፋሉ። እኔ ግቢ ውስጥ ልብስ አሰጣ ነበር፤ ውሃው ጣቶቼን አደንዝዟቸዋል። አባቴ ከቤት ወጣና ከገመዱ ማዶ ቆመ። በመካከላችን አንሶላ ነበር።

«ያ አጎትሽ…» አለ ከአንሶላው ጀርባ፣ «መኪናውን አሁንም ይሰጥሻል?»

«ይሰጠኛል።»

«እንግዲያው ዛሬ ጠይቂው። ለራሴ ልምምድ ነው በይ።»

ሌላ አልጨመረም። ግን ገባኝ። ገብቶኝም የያዝኩትን ሸሚዝ ሳልጨምቀው ሰቀልኩት፤ ውሃው እግሬ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር።

አባቴ ሃያ ስድስት ዓመት በጅማ መንገድ ላይ ቅጥቅጥ አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ግራ ጉልበቱ አበጠ፤ ቢታሽም፣ ጠበል ቢጠመቅም፣ መርፌ ቢወጋም አልተመለሰም። በመጨረሻ ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን ወደ መብራት አንሥቶ እያየ፣ «ከእንግዲህ ፍሪሲዮን የሚባል ነገር አትረግጥም» አለው። የመኪናው ባለቤት ቁልፉን ለሌላ ሹፌር ሰጠ። አባቴ ከመስከረም ጀምሮ ቤት ዋለ። ቤት የዋለ ሹፌር አይታችሁ እንደሆነ አላውቅም። ወንበሩን ወደ አጥሩ አዙሮ ይቀመጥና የሚያልፉትን መኪኖች በድምፃቸው ይገሥጻቸዋል። «ሁለተኛ! ሁለተኛ አስገባ እንጂ! ካምቢዮውን በላው እኮ!» ይላል፣ ላላየው ሰው። እናቴ መጀመሪያ ትስቅ ነበር። ኋላ ላይ መሳቋን ተወች።

በዚያ ሳምንት ዐርብ ዕለት አንድ የድሮ ባልደረባው ደወለለት። ሱሉልታ የሚኖሩ፣ ባለቤታቸው የሞቱባቸው አንዲት ሴትዮ፣ ዕድሜው ገፋ ያለ ጨዋ ሹፌር ይፈልጋሉ። ወገባቸውን የታከሙ ስለሆኑ ሆስፒታልና ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሳቸው ሰው ነው የሚሹት። ሰኞ ይምጣና ይሞከር ብለዋል። ለአባቴ ጉልበት ከዚህ የተሻለ ሥራ ሊገኝ አይችልም፤ ምናልባትም ከዚህ ሌላ ሥራ አይገኝም። አንድ ችግር ብቻ ነበር። መኪናው አውቶማቲክ ነው። አባቴ ደግሞ አውቶማቲክ መኪና በሕይወቱ ነድቶ አያውቅም፤ ይባስ ብሎ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲሰድበው ኖሯል።

የሚሰድበው ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ባለው ሻይ ቤት ነበር። ልጅ ሆኜ ምሳውን ሳመጣለት በር ላይ ቆሜ እሰማቸው ነበር፤ ናፍጣና ቅርንፉድ አንድ ላይ የሚሸትበት፣ ወንበሮቹ የሚያነክሱበት ቤት ነው። የሹፌሮቹ ክርክር ማለቂያ አልነበረውም። አንዱ ወፍራም ሹፌር፣ «አውቶማቲክ ለሰነፍ የተሠራ ነው» ይላል። ከተማ ውስጥ ታክሲ የሚሠራው ቀጭኑ ደግሞ፣ «ሰነፍ ልሁና! ቀኑን ሙሉ መጨናነቅ ውስጥ ፍሪሲዮን ስትረግጥ ውለህ እግርህን በቅባት የምታሸው አንተ፤ በደህና እግሬ ቤቴ የምገባው እኔ» ብሎ ይመልስለታል። ሜካኒኩ ጣልቃ ይገባል፤ «ማንዋል ሲበላሽ እኔ አለሁ። አውቶማቲክ ሲበላሽ ግን ጸሎት ነው።» ያን ጊዜ ሁሉም ወደ አባቴ ያያሉ። አባቴ ሻዩን ሳያማስል ነበር የሚናገረው።

«አውቶማቲክ የሚነዳ ሰው ሹፌር አይደለም። መሪ የያዘ ተሳፋሪ ነው።»

ሳቁ ጣራውን ያነሣው ነበር። እኔም በር ላይ ቆሜ እኮራ ነበር።

እንግዲህ የዚህ ሰው ልጅ ነኝ በአውቶማቲክ መኪና መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት። መጀመሪያ በማንዋል ነበር የተመዘገብኩት። በሦስተኛው ቀን ቡራዩ አንድ ዳገት ላይ ሞተር ጠፋብኝ። አስነሣሁት፤ ጠፋ። ደግሜ አስነሣሁት፤ ጠፋ። ከኋላዬ ክላክሱ ተንጫጫ፤ አንድ ባለባጃጅ አንገቱን አውጥቶ፣ «እህት፣ ገፍተን እንውሰድሽ?» አለኝ። አሠልጣኙ ሲስቅ አየሁት። እኔ ሱቅ ገብቼ ዕቃ ለመጠየቅ እንኳ ሰው እስኪወጣ የምጠብቅ ልጅ ነበርኩ፤ በማግስቱ ሄጄ ወደ አውቶማቲክ ተዛወርኩ። መንጃ ፈቃዱን ሳሳየው አባቴ ገልበጥ አድርጎ አየውና መለሰልኝ። «ጥሩ። ግማሹን አገኘሽ» አለ። ከዚያ ወዲህ በእኛ ቤት ስለ ማርሽ ተወርቶ አያውቅም፤ እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ።

በአየር ጤና በኩል በሁለት ሚኒባስ ዞረን ቡራዩ፣ አጎቴ ቤት ደረስን። ሰበታ ላይ ልንለማመድ አንችልም ነበር፤ ሰው ሁሉ አባቴን ያውቀዋል። በመንገድ ላይ አባቴ ከሹፌሩ ኋላ ተቀምጦ ነበር። ሹፌሩ ማርሽ በለወጠ ቁጥር የአባቴ ግራ እግር ፍሪሲዮን እንደሚረግጥ ወለሉን ጫን ያደርጋል፤ ፊቱ ደግሞ በሕመሙ ጭምድድ ይላል። የሚያደርገውን የሚያውቅ አይመስለኝም። እኔ አየሁና ዓይኔን መለስኩ።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። አባቴ በሠርግም በልቅሶም ላይ ስለ አውቶማቲክ መኪናው ያልቀለደበት ጊዜ የለም። በር ላይ ሲያየን ወዲያው እንደ ነቃብን ከፊቱ አወቅሁ። ቁልፉን ለእኔ ዘረጋልኝ፤ ንግግሩ ግን ወደ አባቴ ነበር።

«ልጅቱ ልምምዷን እንዳትረሳ ነው አይደል ጋሼ?»

«እንዳትረሳ ነው» አለ አባቴ።

«ጥሩ። እግረ መንገድህን አንተም ሞክራት። አይዞህ፣ አትራገጥም።»

አባቴ አልሳቀም። ግን አልተቆጣምም። መኪናውን አውጥቼ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ቤት ገና ያልተሠራበት ኮብልስቶን መንገድ ላይ አቆምኩና ቦታ ተለዋወጥን። አባቴ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ወለሉን አየ። ሁለት መርገጫ ብቻ። ሰው ከሞተበት ቤት ገብቶ ባዶውን አልጋ እንደሚያይ ዝም ብሎ አየው።

ፊደሎቹን አንድ በአንድ አስረዳሁት። ፒ ለማቆሚያ፣ አር ለኋላ፣ ዲ ለመሄጃ። ኤን ላይ ስደርስ አቋረጠኝ።

«ይቺ ፎሌ ናት?»

«አዎ።»

«ተመስገን፣ የማውቃት አንድ ተገኘች።»

ዲ ላይ አስገባና ነዳጅ ሰጠ። መኪናው ለስለስ ብሎ ሄደ። ትንሽ እንደፈጠነ ጆሮው ማርሽ የመለወጫው ጊዜ መድረሱን ነገረው መሰለኝ፣ ግራ እግሩ ተነሥቶ ወረደ። ፍሪሲዮን ስለሌለ የወረደው ፍሬን ላይ ነው። ግንባሬ ከዳሽቦርዱ ጋር ተላተመ። «ይቅርታ» አለ። ደግሞ ሄድን፤ ደግሞ እግሩ ወረደ። አራት ጊዜ ይሁን አምስት አላስታውስም። አባቴ ላብ በላብ ሆነ። ከመኪናው ይልቅ ከራሱ እግር ጋር ነበር የሚታገለው፤ እንደማይታዘዝ ልጅ ከላይ ሆኖ ያየዋል።

እኔ በዚያ ዕድሜዬ አባቴን እንዲህ አድርግ ብዬ አላውቅም ነበር። «ግራ እግርህን ወደ ኋላ ሰብስበው» ለማለት ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። ብልም አልሆነም። ከዚያ እሱ ራሱ መላ አገኘ። ጎንበስ ብሎ የግራ ጫማውን ፈታ፣ አወለቀ፣ ለእኔ ሰጠኝ።

«ሃያ ስድስት ዓመት ጫማ ሳያጠልቅ ሥራ ገብቶ አያውቅም» አለ። «ዕረፍት ላይ ነህ እንበለው።»

ሞኝነት ይመስላል፤ ሠራ። እግሩ በካልሲ ብቻ ሲሆን ጥግ ላይ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ በእናቴ እጅ በሌላ ቀለም ክር ተጥፏል። የአባቴን ጫማ ጭኔ ላይ ይዤ ያን መንገድ እስከ ምሳ ሰዓት ተመላለስንበት። እሑድም ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተመልሰን ሄድን። በሁለተኛው ቀን ማብቂያ እንደ ውሃ ይነዳ ነበር። ቁልፉን ስንመልስ አጎቴ፣ «እንዴት ናት?» ሲለው፣ «እንቅልፍ ታመጣለች» አለ አባቴ፤ በእሱ አፍ ይህ ትልቅ ሙገሳ ነው።

ሰኞ ሱሉልታ የደረስነው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። እኔን የወሰደኝ ቤቱ እንዳይጠፋን ነው ብሎ ነበር። ዘበኛው አባቴን አይቶ በኦሮምኛ፣ «አካም ቡልታኒ ኦቦ?» ብሎ እንዴት እንዳደረ ጠየቀው፤ አባቴም «ነጋ» ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠው። ግቢው የድርቆሽና የትኩስ ወተት ሽታ ነበረው። ሴትዮዋ በከዘራ ተደግፈው ወጡ፤ ነጭ ነጠላ፣ ንጹሕ ጥቁር ጫማ። መኪናው የሟች ባለቤታቸው ነበር።

«እኔ ምንም አላበዛም ወንድሜ» አሉት አባቴን። «ፍጥነት አልፈልግም። መንገድ ቢረዝም ግድ የለኝም። ወገቤ ግን መንገጫገጭ አይችልም። ባለቤቴ አንድ ቀን አላንገጫገጨኝም።»

«አይዞዎት እትዬ» አለ አባቴ።

እሳቸው ከኋላ፣ እኔ ከአባቴ ጎን ገባን። አባቴ በሩን ዘግቶ ለአንድ አፍታ ወደ ጫማው አየ። እኔም አየሁ። በእኚያ ንጹሕ ሴትዮ መኪና ውስጥ፣ በመጀመሪያው ቀን፣ ጫማ ማውለቅ አልሆነለትም። እንዳሠረው ተወው።

ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው ዳገት ወጣን። እንዴት አሳምሮ እንደ ነዳ አሁንም ድረስ አስታውሳለሁ። ሴትዮዋ ስለ ባለቤታቸው፣ ስለ ላሞቻቸው ያወሩ ጀመር፤ ይህ ጥሩ ምልክት ነው ብዬ አሰብኩ። ጫፉ ላይ ደርሰን ዞርን። ባሕር ዛፉ በመስኮት ይሸታል፤ ከታች የሱሉልታ ሜዳ ቢጫ ሆኖ ተዘርግቷል። ቁልቁለቱ ሲጀምር የአባቴ እጅ ወደ ማርሹ ሲሄድ አየሁ። ቀስ ብሎ፣ ምንም ድምፅ ሳያሰማ፣ ኤን ላይ አደረገው።

የአባቴ ዘመን ሹፌሮች ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውጥተው መኪናቸውን በፎሌ ይለቃሉ። ነዳጅ መቆጠብ ለእነሱ እንደ ጸሎት ነው። «ቁልቁለት ላይ ነዳጅ የሚያቃጥል ማደያ ያለው ሰው ብቻ ነው» ይል ነበር አባቴ። ምናልባት ለሴትዮዋ ባለሙያ መሆኑን ማሳየቱ ነበር። ምናልባትም ጨርሶ አላሰበበትም። እኔ ግን አየሁ። አባዬ፣ ዲ ላይ መልሰው፣ ማለት ነበረብኝ። ከኋላ ሴትዮዋ አሉ፤ ብናገር ሥራው ሊቀርበት ነው። ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አጥብቄ ያዝኩ። መኪናው እየፈጠነ ሄደ።

መታጠፊያው ላይ ድርቆሽ የተሸከሙ አህዮች መንገዱን ሞልተው ይሻገሩ ነበር። አባቴ አልደነገጠም፤ የለመደውን አደረገ። በቀኝ እግሩ ፍሬን ነካ፣ እጁን ወደ ማርሹ ሰደደ፣ ግራ እግሩ በኃይል ወረደ።

መኪናው እዚያው ቆመ። ከኋላ፣ «ወገቤን!» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ከዘራው ወደ ፊት ተወርውሮ ክርኔን መታኝ። አህዮቹ ምንም እንዳልተፈጠረ በመስኮታችን ሥር አለፉ፤ ድርቆሹ መስታወቱን እየፈተገው።

«ምን ሆነ?» አሉ ሴትዮዋ፣ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። ድምፄን ራሴ አላወቅሁትም። «ቦርሳዬ ማርሹን ነክቶት ነው። የእሱ ጥፋት አይደለም።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። አልተቆጣም። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ዞረ።

«አይደለም እትዬ። ልጄ መዋሸት አትችልበትም። ፎሌ ላይ የለቀቅኳት እኔ ነኝ። እግሬ ደግሞ ፍሪሲዮን ፍለጋ ሄደ።»

«ፍሪሲዮን አለው እንዴ ይኼ መኪና?»

«የለውም። እኔ እግር ላይ ነው ያለው።»

መኪናውን ፒ ላይ አደረገና ወረደ። ዞሮ መጥቶ በሬን ከፈተልኝ። «ውጪ» አለኝ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አንቺ አድርሻቸው።»

ነዳሁ። አባቴ ጎኔ ተቀምጦ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መንገዱን ያይ ነበር፤ እግሩ አልተንቀሳቀሰም። ግቢው ስንገባ ሴትዮዋ ወዲያው አልወረዱም።

«ልጄ፣ ሥራ ይዘሻል?»

«አልያዝኩም። እኔ ግን የመጣሁት ለአባቴ ነው።»

«አውቃለሁ። ጨዋ ሰው ነው፤ ዋሽቶ ሊያልፈው ይችል ነበር።» ወገባቸውን በእጃቸው ደገፍ አደረጉ። «ምን ላድርግ ግን፣ ያለኝ ወገብ አንድ ነው።»

ወደ አባቴ አላየሁም። እምቢ ለማለት አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝ።

«ነገ በስንት ሰዓት ትምጣ?» አላቸው።

ሰበታ ስንደርስ እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። አባቴ ገና ሳትጠይቀው፣ «ሥራ ተገኘ» አላት። እናቴ ሁለት እጇን ወደ ላይ አንሥታ፣ «ተመስገን! ተመስገን ጌታዬ!» እያለች ስታመሰግን አልከለከላትም። ጨርሳ እጇን እስክታወርድ ጠበቀ። ከዚያ፣ «ለልጅሽ ነው» አለና ወደ ውስጥ ገባ።

ያን ሥራ ሁለት ዓመት ሠራሁት። ከእሱ ነው ሌላው ሥራ የተገኘው፣ ከዚያም የዛሬው። አባቴ ስለዚያች ሰኞ አንድ ቀን አንሥቶብኝ አያውቅም፤ እኔም አላነሣሁበትም።

ያኔ በማግስቱ፣ ማክሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣሁ። አባቴ ቀድሞኝ ለብሷል። እያነከሰ እስከ ሚኒባስ መያዣው ሸኘኝ። ሹፌሮች መኪና ሲረካከቡ ቁልፍ ብቻ አይሰጣጡም፤ የመኪናውን ዐመል ይነጋገራሉ። እሱ ያቺን መኪና የነዳት አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ነው፤ ግን ሁሉን ነገረኝ። «ፍሬኗ ትንሽ ወደ ግራ ይስባል። ጠዋት ጠዋት ብርድ ስላለባት ሳትቸኩዪ አሙቂያት። የቀኙ ስፖኪዮ ላልቷል፤ ጉድጓድ ስትዘዪ ይወርዳል፣ አስተካክዪው።» ሚኒባሱ መጣ። ገብቼ በመስኮት ሳየው ጎማዎቹን ይመለከት ነበር።

ሱሉልታ ስደርስ ዘበኛው በሩን ከፈተልኝ፤ ሴትዮዋ ገና እየለበሱ ነበር። መኪናው ውስጥ ገባሁ። ወንበሩ አባቴ ለታመመው ጉልበቱ እንዲመቸው እንዳደረገው ወደ ኋላ ርቆ ነበር። ትናንት እሱ አጠገቤ ስለነበር ልነካው አልደፈርኩም፤ ጫፉ ላይ ተቀምጬ፣ በእግሬ ጣቶች ፍሬኑን እየፈለግሁ ነበር የነዳሁት። ጥቂት ደቂቃ እንደዚያው ተቀመጥኩ። የሴትዮዋ ከዘራ ድምፅ ከበረንዳው ሲሰማ ጎንበስ አልኩ፤ ከሥሩ ያለውን ማንሻ ስቤ ወንበሩን ወደ ፊት አስጠጋሁት።